በሴሊካ ወደ ጣርማበር፦ የነሐሴ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2010

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከአዲስ አበባ ወጣን። እኔና ታናሽ ወንድሜ። እሱ ቪትዙን ቤት አቁሞ እኔ ጋ ገባ። የእኔዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሰባተኛው ትውልድ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተው። ሁለት በር፣ አራት ወንበር፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። በወረቀት ስፖርት መኪና ናት። በሰፈሬ ልጆች አጠራር ደግሞ "መሬት ላይ የተኛችው" ናት።

መኪናዋን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። "ቆንጆ ናት፤ ግን ለምን ትሆናለች? ክረምት ሲመጣስ?" በቃል ከምከራከር ነሐሴ ላይ ይዣት ሰሜን ሸዋ ብሄድ ይሻላል አልኩ። አክስቴ ደብረ ብርሃን ስለሚኖሩ ሰበብ አላጣሁም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃ። ስፖርት መኪና ዕቃ አይዝም የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። ሴሊካ የኋላ መስታወቷ ከነኮፈኑ ነው ወደ ላይ የሚከፈተው። የኋላ ወንበሮቿ ይታጠፋሉ። ለአክስቴ የያዝነው የስኳር ከረጢት፣ ዘይት፣ የእኛ ቦርሳዎችና አንድ ትልቅ ድስት ገብቶ ቦታ ተረፈ። የወንድሜ ቪትዝ ይህን ሁሉ አይችለውም። እሱ ግን "ሰውስ?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ያለው ፈተና ዝናቡ አልነበረም። ጉብታው ነው። የሴሊካ ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ አፍንጫዋም ረጅም ነው። ስለዚህ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ፊት ለፊት አይወጣም። አንዱን ጎማ አስቀድሞ፣ ሰያፍ ይዞ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ነው። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። ይንፋ።

አንድ ነገር አስቀድሜ አድርጌያለሁ። ፋብሪካው ካዘዘው 195/60 ባለ 15 ጎማ ይልቅ ጎኑ ከፍ ያለውን 195/65 አስገብቻለሁ። ይህ ብዙ ኮሮላ የሚጠቀምበት ቁጥር ስለሆነ የትም ይገኛል። የጎማው ቁመት ወደ ሁለት ሴንቲ ግድም ስለሚጨምር መኪናዋ አንድ ሴንቲ ያህል ከፍ ትላለች። ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት በሦስት በመቶ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ያን በልብ መያዝ ነው። ስፖርት መኪና ገዝተው ባለ 17 እና ባለ 18 ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ የሚያስሩ ልጆች አሉ። ለፎቶ ያምራል። የአለልቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን የሚታጠፈው ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ነው።

ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በግ፣ ፈረስ፣ ጋሪ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ፤ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። ይህ መንገድ ለፍጥነት አይመችም። ቢመችም ሞተሩ እንደ ስሙ አይደለም። ሞተር የሚሠራው በአየር ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ጠለል ላይ 140 የፈረስ ጉልበት ያለው የእኔ ሞተር 2,840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 100 ቢቀረው ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚያስፎክረው ቁጥር እዚህ ሲደርስ የተራ መኪና ቁጥር ይሆናል።

130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን አክስቴ በር ላይ ስንደርስ ሌላ ጣጣ ተነሳ። በግቢው በርና በመንገዱ መካከል የጎርፍ ቦይ አለ። ጎረቤት ሁለት ሳንቃ አመጣ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያያሉ።

"ይቺ ናት መኪናህ?"

"አዎ እትዬ።"

"ቀሪው የት አለ?"

ዓርብ፣ ነሐሴ 18

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማለዳ መነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በነሐሴ ብርዱ እርጥብ ነው። መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ተሸፍኗል። ብዙ ሰው በእጅጌው ይጠርጋል፤ ያ መስታወቱን ማቆሸሽ ነው። ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሮ መክፈት ነው የሚሻለው። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ጉሙ ቶሎ ይለቃል። ሴሊካ ግንባሯ የተኛ ስለሆነ መስታወቷ ሰፊ ነው፤ ይህን ካላወቁ ግማሽ ሰዓት ይበላል።

የአክስቴ ባል ከቡና በፊት ኮፈን ከፍተው ቆሙ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። "ራዲያተሩ ውስጥ ምን ጨምረሃል?" አሉኝ። ኩላንት አልኳቸው። ደስ አላቸው።

"እዚህ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ውሃ ብቻ ያለበት መኪና ውጭ ካደረ ጠዋት ጉድ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ ከፍታ ባዶ ውሃ ገና 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ተራ ውሃ ሌሊት በብርዱ፣ ቀን በዳገቱ ይጎዳል። ጎማም እንደዚሁ ነው። ለሞቃት አየር የተሠራ የስፖርት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፤ መንገዱን መያዝ ይተዋል። በረዶ ያለባቸው አገሮች ለዚህ ብለው የክረምት ጎማ አላቸው። እኛ ጋ የለም። የኅዳር ማለዳ ከደብረ ብርሃን የሚነሳ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ጎማው እስኪሞቅ ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው ያለው።

ጋሼ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ማየታቸውን ስተርክ ፈገግ እላለሁ፤ ምክንያቱም የዚህች ሞተር ደካማ ጎን እሱ ነው። 1ዜድዜድ የሚባለው ሞተር፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት፣ የፒስተን ፋሻው ዘይት የሚመልስበት ቀዳዳ ስለሚደፈን ዘይት ይበላል። አንድ ጣሳ ዘይት ከኋላ ሳልይዝ ከከተማ አልወጣም። መልካሙ ነገር፣ ይኸው ሞተር ራቭ ፎር ውስጥም ኮሮላ ውስጥም አለ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ሴሊካ አለኝ ያለ ሰው ይሳቅበታል፤ የራቭ ፎር ዕቃ ስጡኝ ያለ ግን ይስተናገዳል። ስፖርት መኪና የሚያምረው ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ፤ ሞተሯ የማን ወንድም ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ስንወጣ ጉም ዋጠን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ከፊት አሥር እርምጃ አይታይም። እዚህ ላይ ዝቅ ያለች መኪና ክፉ ጎን አላት፤ የከባድ መኪና ሾፌር ከላይ ሆኖ አያያትም። የተሳቢ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ውሃም ቀጥታ ግንባሯ ላይ ነው የሚያርፈው። መድኃኒቱ መራቅ ነው። አጭር መብራት፣ ፓውዛ፣ ከፊት ካለው መኪና ሰፊ ርቀት። ረጅም መብራት ያበራ ሰው ጉሙን ነጭ ግድግዳ አድርጎ ራሱን ያሳውራል፤ ግን በዚያ ቀን ያገኘነው ግማሹ ሾፌር እንደዚያ ነበር።

የጣርማበር ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ውስጡ ጨለማ ነው። የሴሊካ ማርሚታ ውስጡ ሲያስተጋባ ወንድሜ መስኮት ከፍቶ ሳቀ። እኔም አንድ ጊዜ ማርሽ ዝቅ አድርጌ ነዳጅ ሰጠኋት። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትንሽ ትጩህ።

ከዋሻው ወዲያ ዓለም ይለወጣል። ገደሉ ከግራም ከቀኝም ይከፈታል፤ ጉሙ ከእግር በታች ይቀራል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቁልቁለቱም ይጀምራል፤ ከጣርማበር 1,280 ሜትር ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ መውረድ ነው። ከመላው ጉዞ ሴሊካ ዋጋዋን ያስመለሰችው እዚህ ነው።

ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ክብደቷ 1,100 ኪሎ አካባቢ ነው። ቀላል መኪና ለማቆምም ቀላል ናት። ዝቅ ስላለች ኩርባ ላይ አትጋደምም፤ መሪው ጎማው የረገጠውን ለእጅ ይናገራል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሲከፋ ሁለተኛ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬን የምረግጠው ኩርባው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ብቻ ነው። ከፊታችን የነበረ የተጫነ አይሱዙ ኋላ ጎማው እየጨሰ ይወርዳል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ደብረ ሲና ድረስ አልለቀቀንም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ የሚለቅ ሾፌርም አለ። በዚህ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ማለት ነፍስን ለፍሬን ሸራ ብቻ አደራ መስጠት ነው። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። እኔ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀይሬያለሁ።

ደብረ ሲና ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ አይቻልም። መኪናው ሳይቆም ቆሎው መስኮት ላይ ይደርሳል። የእኛ መስኮት ግን ዝቅ ስለሚል ልጅቷ ጎንበስ ብላ "ኧረ ወዴት ገባችሁ!" አለች። ገዛን።

ከአርማኒያ በኋላ ጃኬት ወለቀ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ላብ ነው። በአንድ ጠዋት ከጋቢ ወደ ካኔቴራ። ሞተሯም አየር አግኝታ ተነቃቃች፤ የጠፋባት ጉልበት ግማሹ ያህል ተመልሷል።

ምሳ ሽሮ በላን፤ ዓርብ ነው። ወጥተን ስናይ የኋላ ቀኝ ጎማ ተንፍሷል። ሚስማር። ጎሚስታው ክሪኩን ይዞ መጣ፤ ክሪኩ ከሥር አልገባ አለ። በሳንቃ ላይ አውጥተን አስገባነው። ስኮርታውን ሲያይ ደግሞ ሳቀ። "ይህ የሞተር ሳይክል ነው?" እውነትም ቀጭን ነው። ጊዜያዊ ስኮርታ ይባላል፤ ከ80 በላይ አይነዳበትም፣ የተሠራውም እስከ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ነው። ጎሚስታ በየአርባ ኪሎ ሜትሩ በሚጠብቅበት አገር የተፈለሰፈ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ጎማው ተለጥፎ ተመለሰ። ሸዋ ሮቢት አደርን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 19

እትዬ ማሾ አዘው ነበር። ግማሽ ኩንታል ገዝተን ከኋላ ጫንን፤ መኪናዋ ትንሽ ቁጢጥ አለች። ዳገቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወጣን። ናፍጣ ላንድክሩዘር በቱርቦው እየተነፈሰ አልፎን ሄደ። ከፍታ ላይ ቱርቦ ንጉሥ ነው፤ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙ አይደክምም። ቅናት የለኝም። ሲወርድ እንገናኛለን።

ከዋሻው በፊት ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ። አተር አተር የሚያክል ነው፤ በጥቂት ደቂቃ አስፋልቱ ነጭ ሆነ። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። "በረዶ ላይ ስፖርት መኪና!" ይላል። እኔ ሁለት እጄ መሪ ላይ ነው።

የሚሽከረከር በረዶ ላይ መንዳት ዘዴው ብዙ አይደለም። ሁሉም ነገር በለስላሳ። ድንገት ፍሬን የለም፣ ድንገት ነዳጅ የለም፣ ድንገት መሪ የለም። ሴሊካ የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው፤ ሞተሩም ካምቢዮውም እነዚያው ጎማዎች ላይ ተጭነዋል። ስለዚህ መያዣ አላት። ከፊታችን የነበረ ባዶ ፒክአፕ ግን ኋላው ቀሎ፣ ግፊቱ ከኋላ ሆኖ፣ ዳሌውን እያወዛወዘ ወጣ። ከኋላ የሚገፋ ስፖርት መኪና ቢሆን እኛም እንደዚያው ነበርን። ባለ አራት ጎማ ግፊቱም ቢሆን የሚረዳው ሲወጡ ነው። ለማቆም ሁሉም መኪና ያለው ያው አራት ጎማ ነው። ይህን የማይረዳ ባለ ፎር ባይ ፎር ብዙ አይቻለሁ።

ውሃ የተኛበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የጎማው ጥርስ ከሦስት ሚሊ ሜትር ካነሰ ይብሳል። ስፖርት መኪና በክረምት የሚንሸራተተው አንድም ሾፌሩ ስለቸኮለ፣ አንድም ጎማው ሰፊና ያለቀ ስለሆነ ነው።

ጉሙ ሲገልጥ ለወንድሜ ስለ ሳፋሪ ራሊ ነገርኩት። ኬንያ ውስጥ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ልክ ዝናብ ሲገባ ይካሄድ የነበረው ውድድር ነው። ከ1984 እስከ 1986 በፈረንጆቹ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ሴሊካ ነው፤ ያውም ከኋላ የሚገፋው። ሾፌሮቹ ዋልዴጎርድ ሁለቴ፣ ካንኩነን አንዴ። በዘጠናዎቹ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ግፊቱ ሴሊካ ደጋግሞ ወሰደው። ፖርሸ 911 በ1978 ሁለተኛ ወጥቷል። "እና እነዚያ እንዲህ ዝቅ ያሉ ነበሩ?" አለኝ። አልነበሩም። ከፍ ተደርገው፣ ሆዳቸው በብረት ተሸፍኖ፣ ሞላቸው ተጠናክሮ ነው። ጭቃን ያሸነፈው ቁመታቸው እንጂ ቅርጻቸው አይደለም።

ለዚህ ነው ወደ መንዝ የሚገነጠለውን መንገድ አይቼው ያለፍኩት። የመንዙን የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ማየት ይናፍቀኛል። ጠጠሩንና የነሐሴ ጭቃውን ግን ከሴሊካ ጋር አልደፍረውም። በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 20

እትዬ ለቅዳሴ ሥላሴ ልታደርሰኝ ነው አሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ወገባቸውን ይዘን ቀስ አድርገን አወረድናቸው። "ጉድጓድ የወረድኩ መሰለኝ" አሉ። ለመውጣት ሁለት ሰው አስፈለገ። አብረዋቸው ሊሄዱ የመጡት ጎረቤት እማማ የኋላውን ወንበር አዩት፤ ወንበሩ ታጥፎ ሊገባበት የሚገባውን ቀዳዳ አዩት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በእግራቸው ሄዱ። ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ያስረዳሁት ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልጠቀመኝም። እኛ አገር መኪና ያለው ሰው የሚለካው ማንን አሳፈረ በሚለው ነው። የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የሆስፒታል መኪና ናት። ሁለት በር ላለው ሰው ሰበብ ይበዛበታል።

ከሰዓት አንኮበር ደርሰን መጣን፤ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከተማው ውስጥ አቁመን የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ በእግር ወጣን። ሣህለ ሥላሴና ምኒልክ ከዚህ ሆነው ነው ቆላውን ሁሉ ቁልቁል ያዩት። ምኒልክ መኪና ያዩት አዲስ አበባ ከከተሙ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ግድም። ያኔ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ያቺ መኪና በዚህ ዳገት ምን ትሆን እንደነበር ወንድሜ ሲገምት ነበር የወረድነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 21

ጋሼ ማልደው በግ ይዘው መጡ። የመንዝ በግ፣ ጸጉራም፣ ላቱ የከበደ። ለእንቁጣጣሽ ለእናቴ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫን አልኩ። "እኔ የገዛሁትን በግ ብርድ ይመታዋል እንዴ?" አሉ። አለቀ።

የኋላ ወንበሮቹን አጠፍን። ላስቲክ፣ ከላዩ ጆንያ፣ ከላዩ ጭድ። እግሩ ታስሮ በኋላ ኮፈኑ ገባ። የሴሊካ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ አልተቸገረም። ማሾው ለእትዬ ስለቀረ ክብደቱም ያው ነበር። ስለ ስፖርት መኪና የዕለት ተዕለት ጥቅም የሚጽፉ ሰዎች የጎልፍ ዱላ ይገባል አይገባም ይላሉ። በግ ይገባል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ጫጫ ላይ ጮኸ። ሸኖ ላይ ተኛ። መስታወቱ ከትንፋሹ የተነሳ ጉም ለበሰ፤ ኤሲ ከፈትን። ሰንዳፋ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መንጃ ፈቃዴን ሳያይ ወደ ውስጥ አጎነበሰ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሁለት ሰው፣ አንድ በግ" አለ ወንድሜ።

ፖሊሱ መኪናዋን ዞሮ አያት። "ስንት ትነዳለች?" ብሎ ጠየቀ። "በግ ካለ ስልሳ" አልኩት። ሂዱ አለን።

ሒሳቡን ቤት ስደርስ ሠራሁ። ታንከሯ 55 ሊትር ይይዛል። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንኮበር ሲጨመር ከ500 ይበልጣል። አንድ ጊዜ ሞልቼ ነው ሁሉንም የሄድኩት። ዘይት ግማሽ ሊትር ጨምሬያለሁ። የፊት ባምፐር ሥር አዲስ ጭረት አለ፤ የአክስቴ ቦይ ሳይሆን አይቀርም። ለሚቀጥለው ክረምት ከሞተሩ ሥር የብረት መከላከያ አሠራለሁ፤ ቀጭኑን ስኮርታ በሙሉ ጎማ እቀይራለሁ።

ማታ እትዬ ደወሉ።

"በጉ በደህና ገባ?"

"ገብቷል እትዬ፤ አልደከመም።"

"እሰይ። ለገና ስትመጣ ግን በወንድምህ መኪና ና። እኔም ከእናትህ ጋር ልቀመጥበት።"